ያገለገለ ቀልጣፋ መኪናና የመድን ወጪው

በነጌሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሞያሌ የሚገኙ ነጋዴዎች፣ በተለይም ወጣቶቹ፣ ፈጣንና ቀልጣፋ የሆነ ያገለገለ መኪና መግዛት ይወዳሉ። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ከመግዣው ዋጋ ሌላ በየዓመቱ የሚከፈል የመድን ዓረቦን መኖሩ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

የሦስተኛ ወገን መድን በ2000 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ጀምሮ ለባለመኪና ሁሉ ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ ይህ መድን በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት እንጂ ለባለቤቱ መኪና አይከፍልም። መኪናው ቢገለበጥ ኪሳራው የሚወርደው በሱቁ መነሻ ገንዘብ ላይ ነው። ይህን የሚከላከለው ሙሉ መድን ሲሆን፣ ዓረቦኑ በመኪናው ዋጋና በሚሰጠው አገልግሎት ይለካል።

ስለዚህ ለቆላው አገር የሚሻለው ዋጋው መጠነኛ፣ መለዋወጫውም በቀላሉ የሚገኝ፣ እንደ ቶዮታ ኮሮላ ያለ መኪና ነው። ሆዱ ለመሬት የቀረበ የስፖርት መኪና ከያቤሎ እስከ ሞያሌ በአስፋልት ቢፈጥንም፣ ወደ ገጠር ገበያ ሲወጣ ድንጋይ ይመታዋል። ካሣ በተጠየቀ ቁጥርም ያለ አደጋ ለከረመ ደንበኛ የሚሰጠው የዓረቦን ቅናሽ ይቀራል።

ሁለት ስሕተቶች ብዙ ያስከስራሉ። አንደኛው የመኪናውን ዋጋ አጋንኖ ማስመዝገብ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ መሠረት ካሣው አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ ስለማይበልጥ ትርፉ ዓረቦን ከንቱ ይቀራል። ሁለተኛው ለቤት አገልግሎት ባስመዘገቡት መኪና በኪራይ ሰውና ዕቃ ማመላለስ ነው፤ ይህም ካሣ ሊያስከለክል ይችላል።

እንግዲህ ገዢው ቀብድ ከመስጠቱ በፊት በሊብሬው ላይ የተጻፈውን ከሻንሲውና ከሞተሩ ቁጥር ጋር ያመሳክር፤ ዓረቦኑንም ከሁለት ወይም ከሦስት የመድን ድርጅቶች ጠይቆ ከመግዣው ዋጋ ጋር ይደምር።