ተጨማሪ መረጃ፦ ጠመንጃና ጠመኔ
የመከላከያ ወጪ የሚሸፈነው ከፌዴራል ካዝና ነው። በአማራ ክልል ሰሜን ወሎ ዞን ያለ የሀብሩ ወረዳ መምህር ደመወዝ ግን ከፌዴራል በድጎማ ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ከሚወርድ በጀት ይከፈላል፤ ደመወዙ አብዛኛውን ስለሚወስደው ለጠመኔና ለወንበር የሚተርፈው ጥቂት ነው። በጥር 2014 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ካጸደቀው 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ተመደበ። ስሌቱ በዚህ ቢያበቃ ቀላል በሆነ ነበር። ግን አላበቃም፤ በሰሜኑ ጦርነት የዚሁ ዞን ከተሞች ወልድያና መርሳ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆዩበት ወቅት ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል። ለተወሰደው ኮምፒውተርና የቤተ ሙከራ ዕቃ ምትክ ሲገዛ ወጪው በትምህርት መዝገብ ይሰፍራል፤ የጦርነት ዕዳ መሆኑን ግን መዝገቡ አያሳይም።