ጥንታዊ ዕቃ ማጠራቀም፤ ከጅማ ገበያ እስከ አጋሮ

ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ጅማ፣ ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ ገነት ለሥራ የሚመደብ ወጣት፣ የቢሮው በር ከተዘጋ በኋላ የሚያሳልፈው ብዙ ጊዜ አለው። አንዳንዱ በቡና ቤት ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ከዝናቡ ጋር ሲነታረክ ይመሻል። እኛ ዛሬ የምናቀርብለት የጊዜ ማሳለፊያ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ እግርን የሚያስኬድና ዓይንን የሚያስተምር ነው፤ ይኸውም ጥንታዊ ዕቃ ማጠራቀም ነው።

ይህን ስንል ወዲያው ወርቅና ዘውድ የሚታሰበው አንባቢ አይጠፋም። የለም፤ ዘውድና ታቦት የግለሰብ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ነገሮች አይደሉም። ጀማሪው የሚነሣው ከትንሹ ነው፤ ከሳንቲም፣ ከቴምብር፣ ከቡና ሚዛን ድንጋይ፣ ከስኒ፣ ከበርጩማ።

ስለ ገንዘብ እናስቀድም። በጅማ የሐሙስ ገበያ ወይም በአንድ ብር አንጥረኛ ደጃፍ ጠገራ ብር ማየት ዛሬም አይገርምም። በላዩ ላይ 1780 የሚል ዓመት ተጽፎ ያየ ጀማሪ ልቡ ይዘላል። ነገር ግን ንግሥት ማርያ ትሬዛ በዚያ ዓመት ከሞተች በኋላ ብሩ ዓመቱ ሳይለወጥ በብዙ አገር ሲመታ ኖሯል፤ ጣሊያን እንኳ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትሰናዳ እ.ኤ.አ. በ1935 ቅርጹን ወስዳ በሮም አስመትታለች። ስለዚህ ዓመቱ ዕድሜውን አይነግርም። ሐሰተኛውን ለመለየት ግን ሚዛንና ዓይን በቂ ናቸው። ትክክለኛው ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል፤ በጠርዙም ዙሪያ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ ወጥቶ ይነበባል። ጠርዙ ልሙጥ ከሆነ ወደ ባለቤቱ ይመለስ። አባቶቻችን በንግሥቲቱ ራስ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቍ ነጠብጣቦች ቈጥረው ይቀበሉ እንደ ነበር ይነገራል፤ ባንክ ሳይኖር እንዲህ ያለ ጥንቃቄ መኖሩ ያስደንቃል።

በምኒልክ ስምና መልክ በፓሪስ የተመታው ብር ዓመተ ምሕረቱ 1887 እያለ ይጀምራል። እርሱ ለጀማሪ ኪስ ይከብድ ይሆናል። ከዚያ ይልቅ በ1936 ዓ.ም. ስለ ተመቱት ሳንቲሞች እንናገር፤ ታሪካቸው ከዋጋቸው ይበልጣልና። በዚያ ጊዜ የሃምሳ ሳንቲሙ ከብር ሲሠራ የሃያ አምስቱ ከመዳብ ተሠራ፤ ሁለቱም ክብ ነበሩ። ብልሆች የመዳቡን በብር ውኃ እየነከሩ በሃምሳ ሳንቲም ያሳልፉት ጀመር። መንግሥትም ክቡን ሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ የተሸረከተ ሃያ አምስት ሳንቲም አወጣ፤ የተጻፈበት ዓመት ግን ያው 1936 ሆኖ ቀረ። እነሆ፣ አንድ ዓመት የተጻፈባቸው ሁለት ሳንቲሞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንድ ዘመን የገበያ ተንኰል ይታይባቸዋል።

የቴምብርን ነገር ባጭሩ እናልፈዋለን፤ ወዳጆቹ ብዙ ናቸውና። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ የታተሙት ሰባቱ ናቸው። አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ግን በ1908 ነው። በጅማ ለሚኖር ሰው የምንመክረው ቴምብሩን ከፖስታው እንዳይነቅል ነው። የጅማ ወይም የአጋሮ ማኅተም ያረፈበት፣ የቡና ነጋዴ አድራሻ የተጻፈበት አሮጌ ፖስታ ሳይቀደድ ሲገኝ፣ ከተነቀለው ቴምብር ይልቅ ስለ ከተማዋ ብዙ ይናገራል።

አሁን ወደ አገሩ ልዩ ዕቃ፣ ወደ ጅማ በርጩማ እንምጣ። ሦስት እግር ያለው፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ መቀመጫው እንደ ጎድጓዳ ሳሕን የሰረጐደ በርጩማ ነው። ምስማርም ሙጫም የለበትም፤ ጠራቢው በመጥረቢያና በመሮ ከእንጨቱ ውስጥ ያወጣዋል። ጥሩው የሚሠራው ከዋንዛ ነው። አሮጌውን ከአዲሱ መለየት የሚፈልግ ሰው መቀመጫውን አይመልከት፤ ይገልብጠው። ለብዙ ዓመት በጭስ ቤት የኖረ በርጩማ ሆዱ ጠቁሮ፣ የእግሮቹ ጫፍ እኩል ባልሆነ ሁኔታ ተበልቶ ይገኛል፤ ሰው ሁልጊዜ በአንድ ወገን ያዘነብላልና። በጫማ ቀለምና በተቃጠለ ዘይት የጠቆረው ደግሞ ውስጡም ውጭውም አንድ ዓይነት ነው፤ በነጭ ጨርቅ ቢታሽ ቀለሙ ይለቃል። ከሩቅ አገር የመጡ ጐብኚዎች በብዛት ይዘው የሚሄዱት ይህን ሁለተኛውን መሆኑ ለእኛ ደግ ነው።

ዓይንን ለማሠልጠን ከሁሉ የሚሻለው ምንም ሳይገዙ ማየት ነው። የጅማ ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምሮ ጅማን የገዙትን የንጉሥ አባ ጅፋርን ዕቃዎች ይዟል፤ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥታቸውም የእንጨት ሥራው ምን ያህል የላቀ እንደ ነበር ያሳያል። አዲስ አበባ የሚሄድ ደግሞ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሳያይ አይመለስ። የዚያን ሙዚየም መሠረት የጣሉት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ኾይናትስኪ ናቸው፤ ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ከመቋቋሙ ከብዙ ዓመት በፊት ማጠራቀም ጀምረው ነበር። መጽሐፍ የሚያውስ ሰው ከመደርደሪያው ጥግ የጀመረው ነገር የት እንደ ደረሰ ማየት ለወጣት ጸሓፊ ሁሉ ደስ ያሰኛል።

የቡና ከተማ ሰው ግን ከሁሉ በፊት የቡናን ዕቃ ቢያጠራቅም እንወዳለን፤ በዙሪያው ያለው እርሱ ነውና። በጎማ፣ በሊሙና በጌራ መንገድ የሚሄድ ሰው አሮጌ ሙቀጫና ዘነዘና፣ አፉ የተሸረፈ ጀበና፣ ሥራ የፈታ የእጅ ሚዛን ያያል። የቡና ነጋዴዎች ለረጅም ጊዜ በፈረሱላ፣ ማለት በ17 ኪሎ፣ ሲቈጥሩ ስለ ኖሩ የድሮ ሚዛንና ድንጋዩ አንድ ላይ ሲገኙ ትልቅ ነገር ነው፤ ድንጋዩ ብቻውን ግን ብረት ነው። ስኒም ሲገኝ ከታች ይገልበጥ። የሠሪው ምልክትና የአገሩ ስም ተጽፎበት ይሆናል፤ ከየት አገር ዕቃ ይመጣ እንደ ነበረ ስኒው ራሱ ይመሰክራል።

እዚህ ላይ በዝምታ የማናልፈው ነገር አለ። የቡና ገበሬ እጁ ገንዘብ የሚያገኘው ቡናው በሚለቀምበት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ክረምት ሲበረታ፣ በተለይ በነሐሴ፣ የእናት የብር አምባርና የአያት በርጩማ ወደ ገበያ ይወጣል። ያን ጊዜ ዕቃ ርካሽ ነው፤ ነጋዴውም የሚዞረው ያን ጊዜ ነው። ደመወዝ የሚቀበል ወጣት በነሐሴ የተቸገረን ሰው ተከራክሮ ግማሽ ዋጋ ሲያስቀንስ ብናይ፣ አጠራቃሚ ብለን አንጠራውም። ሐቀኛ ዋጋ ይስጥ፤ ወይም ገንዘቡን አበድሮ ዕቃውን ለባለቤቱ ይተውለት።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ሹም የሚወደውን ነገር አገር ቶሎ ያውቃል። አንድ ወጣት ባለሥልጣን በርጩማ እንደሚወድ በተሰማ በወሩ፣ ጉዳያቸው በጠረጴዛው ላይ ያደረ ሰዎች «ለማስታወሻ ነው» እያሉ ይዘውለት ይመጣሉ። በርጩማ እንደ ገንዘብ ስለማይቈጠር ኅሊናም ቶሎ አይደነግጥም። እኛ ግን ፋይሉ እስኪዘጋ ድረስ፣ ከተዘጋም በኋላ ቢሆን፣ ዋጋው ያልተከፈለበት ዕቃ በአጠራቃሚ ቤት መግባት የለበትም ባዮች ነን።

በአጋሮ አቅራቢያ ያነጋገርናቸው አንዲት አሮጊት ስለ በርጩማቸው ስንጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ልጆቹ የፕላስቲክ ወንበር ይሻላል ብለውኛል፤ ከፈለግህ ውሰደው» አሉን። ማን እንደ ጠረበው ስንጠይቃቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ ባላቸው በሰርጋቸው ዓመት ያመጣው መሆኑን፣ ሦስት ልጆች በላዩ ተቀምጠው ማጥባታቸውን ነገሩን። የሚያዳምጡት የልጅ ልጆቻቸው ይህን የሰሙት ያን ጊዜ ገና ነበር። «እንግዲህ እናቴ፣ ይቀመጥ» አልናቸው፤ በርጩማው እዚያው ቀረ፤ እኛም ታሪኩን በመዝገባችን ጻፍነው።

መዝገብ ስንል ቀላል ነገር አይምሰል። ዕቃው ከየት ቀበሌ እንደ መጣ፣ ማን ይገለገልበት እንደ ነበር፣ በአካባቢው ቋንቋ ምን እንደሚባል፣ በስንት እንደ ተገዛና በማን ፊት እንደ ተገዛ የማይጻፍበት ዕቃ ከዓሥር ዓመት በኋላ እንጨት ብቻ ነው። ስሙ በኦሮምኛ ሲነገር በኦሮምኛው ይጻፍ።

የማይነኩም አሉ። በጅማ ዙሪያ ባሉ የሼኾች ቤቶች በእጅ የተጻፉ የዐረብኛ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ በአብያተ ክርስቲያናትም ብራናና መስቀል። ገጽ በገጽ ተቀዶ የሚሸጥ ብራና ሲቀርብ አለመግዛትና ለባህል ጽሕፈት ቤት መንገር ብቻ ነው የሚገባው። የላሊበላው የወርቅ መስቀል አፍሮ አይገባ በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ በአንድ የቤልጅግ ሰው እጅ ከተገኘ በኋላ የተመለሰው በ1993 ነው። ሌባው የሰረቀው ገዢ እንዳለ ስላወቀ ነው። ሕጉም ግልጽ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ከመሬት በድንገት የተገኘ ቅርስ ለመንግሥት እንዲነገር ያዛል፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ስለዚህ ውጭ አገር ላለ ወዳጅ አሮጌ ነገር በስጦታ ለመላክ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቅ።

ስለ አያያዝ ጥቂት እንጨምር። የጅማ ዝናብ ለቡና መልካም ነው፤ ለወረቀት ግን ጠላት ነው። ቴምብርና ፖስታ ከግድግዳ ርቀው በደረቅ ሣጥን ይቀመጡ። እንጨት ከመሬት ከፍ ይበል፤ ምስጥ አይተኛምና። ብርንና ሳንቲምን በአመድና በሎሚ ማሸት የእናቶቻችን ልማድ ነው፤ ለጌጥ ይሁን፣ ለአጠራቃሚ ግን ዕድሜውን መፋቅ ነው። በደረቅ ጨርቅ ይጠቅለል፤ ይብቃው።

እኛ ራሳችን በአሁኑ ጊዜ የምንፈልገው ከላይ ያልናቸውን ሁለቱን የሃያ አምስት ሳንቲሞች ለማጣመር ነው። የተሸረከተው በእጃችን አለ። ክቡን ግን ከሂርማታ እስከ ሊሙ ገነት ብንጠይቅ እስካሁን አልቀናንም፤ ምናልባት የብር ውኃ እንደ ነካው ሆኖ ቢገኝማ ዋጋውን ሳንከራከር እንከፍላለን።