ቢሊ ማክኒል፤ የቴስታው አምበል

በእግር ኳስ ጨዋታ ስሙ ከፍ ብሎ የሚጠራው ጎል ያገባ ሰው ነው፤ ተከላካይ ግን የሚታወሰው ሲሳሳት ብቻ ነው። የስኮትላንዱ ቢሊ ማክኒል ከዚህ ልማድ የወጣ ነበር። የቆመው ከበረኛው ፊት ቢሆንም፥ ቡድኑ በተጨነቀ ጊዜ ወደ ፊት ወጥቶ በግንባሩ ጎል የሚያገባ ተከላካይ ነበር።

ማክኒል የተወለደው በ1940 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለግላስጎው ከተማ ቅርብ በሆነችው በቤልስሂል ነው። በ1957 ሴልቲክ ከሚባለው የግላስጎው ክለብ ገብቶ፥ እስከ 1975 ድረስ 790 ጊዜ ተሰለፈ። ለሀገሩ መጀመሪያ የተጫወተው በ1961 ሲሆን፥ በዚያ ቀን እንግሊዝ ስኮትላንድን 9 ለ 3 አሸነፈች። ለአንድ ተከላካይ ከዚህ የከፋ አጀማመር ከየት ይገኛል! እርሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ለስኮትላንድ 29 ጊዜ ተጫውቷል።

ሴልቲክ ከ1957 ወዲህ አንድም ታላቅ ዋንጫ ሳያገኝ ቆይቶ፥ በ1965 ለስኮትላንድ ዋንጫ ፍጻሜ ከደንፈርምሊን ጋር ተገናኘ። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ አቻ ከሆነ በኋላ፥ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ቻርሊ ጋላገር የማዕዘን ምት መታ። ማክኒል ከሁሉ በላይ ዘሎ በቴስታ አገባው፤ 3 ለ 2። በመጋቢት 1967 የዩጎዝላቪያው ቮይቮዲና ሴልቲክን ከአውሮፓ ዋንጫ ሊያስወጣው ሲታገል፥ በመጨረሻዋ ደቂቃ ያው ጋላገር መታ፥ ያው ማክኒል በግንባሩ አገባ።

በዚያው ዓመት ግንቦት 25 ቀን ሊዝበን ላይ ኢንተር ሚላን በ7ኛው ደቂቃ በሪጎሬ ቢቀድምም፥ ሴልቲክ 2 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን የወሰደ የመጀመሪያው የብሪታንያ ክለብ ሆነ። ተጫዋቾቹ ሁሉ ከግላስጎው 30 ማይል በማይርቅ ስፍራ የተወለዱ ነበሩ። ሕዝቡ ሜዳውን ስላጥለቀለቀው ጓደኞቹ ሊደርሱለት አልቻሉም፤ አምበሉ ዋንጫውን ብቻውን ተቀበለ።

ኋላም አሠልጣኝ ሆኖ ሴልቲክን አራት ጊዜ የሊግ ባለድል አድርጎታል።

በ1967 የሆነውን የግላስጎው ሰው ሁሉ ሲያስታውስ፥ ማክኒል ግን በመርሳት በሽታ መያዙን ቤተሰቡ በ2017 አስታወቀ። ንግግሩም ጠፍቶበት ነበር። በ2019 በ79 ዓመቱ ዐረፈ። በዚያው ዓመት የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ወደ 7,700 የሚጠጉ የቀድሞ የስኮትላንድ ተጫዋቾችን መዝገብ መርምረው፥ እንዲህ ባለው የአንጎል በሽታ የሞቱት ከሌላው ሰው በሦስት እጥፍ ተኩል እንደሚበልጡ ገለጹ። በ2021 ደግሞ በጨዋታ ቦታቸው ሲለዩአቸው፥ ኳስ በግንባሩ የማይመታው በረኛ አደጋው አነስተኛ ሆኖ ሲገኝ፥ ተከላካዩ እስከ አምስት እጥፍ ደረሰ። የማክኒል ሕመም ከዚህ መጣ ብሎ መቁረጥ አይቻልም፤ ቁጥሩ ግን የሚያስደነግጥ ነው።

ስኮትላንድም በ2020 ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በልምምድ ላይ ኳስ በቴስታ እንዳይመቱ ከለከለች።