ያለ ሥራ የሚያድር ኮምፒዩተር

በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በሚጠራው ሠፈር፣ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአለርት ሆስፒታል ይገኛል። በሕሙማን ክፍል ሌሊት ኤሌክትሪክ ይጥፋ የሚል ሰው የለም። ነገር ግን ከቀኑ 11፡30 ላይ ጽሕፈት ቤት ሲቆለፍ፣ ጸሐፊው ታክሲ ፍለጋ ሲሮጥ፣ በባዶ ክፍል በርቶ የሚቀረው ኮምፒዩተር ለማን ይሠራል?

እስቲ እናስላው። አንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከነስክሪኑ ያለ ሥራ 60 ዋት ይወስዳል እንበል። እስከ ጧቱ 2፡30 ድረስ 15 ሰዓት ነው፤ 900 ዋት በሰዓት ይሆናል። ባለ 9 ዋት አምፖል 5 ሰዓት ቢበራ የሚፈጀው 45 ብቻ ነው። እንግዲህ በአንድ ኮምፒዩተር ሌሊት 20 ተማሪዎች በየቤታቸው ሊያጠኑ ይችሉ ነበር።

«መብራታችን ከውሃ ነው፤ ምን ይጎድላል?» የሚሉ አይጠፉም። በግድብ የቆየ ውሃ ግን ለነገ ይተርፋል።

በስክሪኑ ላይ የሚንሸራሸረው ሥዕል፣ ስክሪን ሴቨር የሚሉት፣ ኃይል የሚቆጥብ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። አይቆጥብም፤ የታሰበው በድሮው ወፍራም ስክሪን ላይ ምስል ታትሞ እንዳይቀር ነበር። ለምሳ ሲወጡ ኮምፒዩተሩን ማስተኛት፣ ማታ ፈጽሞ መዝጋት ነው። በቀን አንድ ጊዜ መዝጋት አያበላሸውም። ሌሊት ሌሎችን የሚያገለግለው ሰርቨር ብቻ አይነካ። በትምህርት ቤት ደግሞ ኮምፒዩተሮቹ በኔትወርክ ከተያያዙ፣ ኃላፊው ከአንድ ጠረጴዛ ሆኖ ሁሉንም በተወሰነ ሰዓት ሊያስዘጋ ይችላል።