የሽፍትነት ዋጋ በኢቭ ኦንላይን

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 ኢቭ ኦንላይን የተባለው የጠፈር ኮምፒውተር ጨዋታ አንድ ተጫዋች ኬስትሬል በምትባል ስስ መንኮራኩር 74 ፕሌክስ ጭኖ ጂታ በሚባለው የገበያ ማዕከል ብቅ አለ። ፕሌክስ በዚያን ጊዜ በእውነተኛ ገንዘብ ሊገዛ የሚችል የጨዋታ ጊዜ ነበር፤ ጭነቱ ሲደመር ከ1,200 የአሜሪካ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ሌሎች ተጫዋቾች ተኮሱበት፤ መንኮራኩሯም ጭነቷም አብረው ጋዩ። ለአጥቂዎቹ እንኳ አንዲት ፕሌክስ አልተረፈችም። የጨዋታው ባለቤት ንብረቱን አልተካም፤ ተኳሾቹንም አላባረረም። በዚያ ዓለም መዝረፍም መዘረፍም የጨዋታው አካል ነውና።

ይህን የሰማ ሰው “ታዲያ ማን ይጫወተዋል?” ቢል አይፈረድበትም። ጨዋታው ግን ከ20 ዓመት በላይ ዘልቋል። ለዚህ ዕድሜው ትልቁ ምስጢር ለእያንዳንዱ ጥቃት አስቀድሞ የታወቀ ዋጋ መቁረጡ ይመስለኛል።

ኢቭ ኦንላይንን ሲሲፒ የተባለው የአይስላንድ ኩባንያ በግንቦት 2003 ከፈተው። ከቻይና በስተቀር የዓለም ተጫዋቾች ሁሉ የሚገናኙት በአንድ ዓለም ውስጥ ነው፤ ከ7,000 በላይ የከዋክብት ሥርዓቶች አሉት። አብዛኛውን መንኮራኩርና ጥይት የሚሠሩት ተጫዋቾች ራሳቸው ሲሆኑ ማዕድኑንም የሚቆፍሩት እነሱው ናቸው። የተቃጠለ መንኮራኩር ተመልሶ አይመጣም፤ ባለቤቱ ሌላ መግዛት አለበት። ስለዚህ የአንዱ ኪሳራ ለአምራቹ ገበያ ነው። የጭነት ሥራም የሚያዋጣው መንገዱ አስጊ ስለሆነ ነው፤ የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ ትርፉን ከመንገዱ ክፋት እንዳገኘው ማለት ነው። ሽፍታው ፈጽሞ ቢጠፋ ጫኙም፣ አጃቢውም፣ ሠሪውም ሥራ ይፈታሉ። ሽፍታው እንዳሻው ቢሆን ደግሞ ለመዝረፍ የሚበቃ ነጋዴ አይቀርም።

ሚዛኑ የሚጀምረው ከካርታው ነው። እያንዳንዱ ሥርዓት ከ1.0 ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ የጸጥታ ደረጃ አለው። 0.5 እና ከዚያ በላይ የሆነው ፖሊስ የሚደርስበት ነው። ከ0.4 እስከ 0.1 ባለው ፖሊስ አይመጣም፤ ሆኖም የመተላለፊያ በሮች ጠባቂ መድፎች ይተኩሳሉ፣ ጥፋተኛውም በስሙ ላይ ነጥብ ይቀነስበታል። 0.0 እና ከዚያ በታች ሕግ የሚባል የለም፤ መሬቱ ጉልበት ያለው ኅብረት ነው። ማንም ሰው ወደየትኛው ክልል እንደሚገባ በሩን ሳያልፍ ከማያ ገጹ ላይ ያነባል።

ፖሊሱ ኮንኮርድ ይባላል፤ በኮምፒውተር የሚመራ ኃይል ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚሸነፍ ነበር፤ ሙ የተባለ የተጫዋቾች ቡድን ዋና መተላለፊያ ዘግቶ ያለፈውን ሁሉ ሲያቃጥል የኩባንያው ሠራተኞች ራሳቸው ጣልቃ እስከመግባት ደርሰዋል። ከዚያ ወዲህ ኮንኮርድ የማይሸነፍ ሆኖ ተሠራ። ዛሬ በሕገ ወጥ መንገድ የተኮሰ መንኮራኩር መቃጠሉ አይቀርም፤ በዘዴ ማምለጥም በኩባንያው ዘንድ የሚያስቀጣ ነው።

ይሁን እንጂ ኮንኮርድ አይከላከልም፤ የሚቀጣ ብቻ ነው። 1.0 በሆነ ሥርዓት በ6 ወይም በ7 ሰከንድ ይደርሳል፤ 0.5 በሆነ ሥርዓት ግን ወደ 20 ሰከንድ ይጠጋል። ለተዘረፈው ሰው ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። የሽፍታው ሙያ ያለውም በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ ነው።

በነጋዴ መንገድ ላይ ያለው ዩዳማ 0.5 ስለሆነ የዚህ ሥራ ዋና ሰፈር ነው። አንድ ግዙፍ የጭነት መንኮራኩር ከበሩ ወጥቶ አፍንጫውን ቀስ ብሎ ወደ ቀጣዩ በር ማዞር ይጀምራል። ሰላይ ጭነቱን ይፈትሻል፣ ዋጋውን ያሰላል። ሌላ መንኮራኩር እየገጨ ከአቅጣጫው ያስወጣዋል፤ መግጨት ወንጀል አይደለም። (ከጊዜ በኋላ ይህ ያለ ገደብ እንዳይቀጥል ለመነሻ የሚፈጀው ጊዜ ቢበዛ 3 ደቂቃ እንዲሆን ተደርጓል።) ከዚያ ካታሊስት የሚባሉ ርካሽ መንኮራኩሮች በጅምላ ይደርሱና ባንድ ጊዜ ይተኩሳሉ። ፖሊስ መጥቶ ሁሉንም ያቃጥላል። የጭነት መንኮራኩሩ ቀድሞ ከወደቀ ግን እያንዳንዱ ዕቃ ሳይቃጠል የመቅረት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። የተረፈውን ለመልቀም የመጣው ጓዳቸው ዕቃውን እንደነካ “ተጠርጣሪ” ይሆናል፤ ለ15 ደቂቃ ማንም ሰው ሳይቀጣ ሊተኩስበት ይችላል።

ስሌቱ ግልጽ ነው። ከጭነቱ ዋጋ ግማሹ ከሚቃጠሉት ካታሊስቶች ዋጋ ከበለጠ ያዋጣል፤ ካነሰ አያዋጣም። ጫኙም ይህንኑ ስሌት ያውቀዋል። ጭነቱን ቢከፋፍል፣ አጃቢ ቢይዝ፣ ከፊቱ ቃኚ ቢልክ፣ ሽፍታው ሌላ ይመርጣል።

ቅጣቱ በአንድ መንኮራኩር መቃጠል አያበቃም። በደል የፈጸመ ሰው የስም ነጥቡ እያሽቆለቆለ ይሄዳል፤ ከዜሮ በታች ከ5 ሲያልፍ የትም ቦታ ማንም ሊተኩስበት ይችላል። የተበደለውም ለ30 ቀን ደም የመመለስ መብት ያገኛል፤ እሱ ባይችል ለሌላ ተዋጊ ሊያስተላልፈው ይፈቀድለታል። ስሙን ማደስ የሚፈልግ ደግሞ መንገድ አለው፤ በኮምፒውተር የሚመሩ ወንበዴዎችን ማደን ወይም ክፍያ መፈጸም። ይህ መመለሻ በር ተገቢ ነው። ከሽፍትነት መውጫ የሌለው ሰው ሽፍትነቱን ያጠነክራል እንጂ አይተወውም።

ዋጋው ትክክል እንዲሆን ግን ብዙ ቀዳዳ መደፈን ነበረበት። እስከ 2011 ድረስ በፖሊስ የተቃጠለ መንኮራኩር ሳይቀር ኢንሹራንስ ይከፈለው ስለነበር ወንጀለኛው ወጪው በከፊል ይመለስለት ነበር፤ ቀረ። በወንጀለኛ ላይ ይቀመጥ የነበረውን ወሮታም ወንጀለኛው ራሱ በጓደኛው እጅ ተገድሎ ይካፈለው ነበር። በ2012 ወሮታው ከጠፋው ንብረት ዋጋ 20 በመቶ ብቻ እንዲከፈል ሲደረግ ራስን አስገድሎ ማትረፍ ከሰረ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ በዚያው ዓመት በማዕድን ቆፋሪዎች መንኮራኩር ላይ የተደረገው ማሻሻያ ነው። ቆፋሪዎች በካታሊስት እየታደኑ አቤቱታቸው በዝቶ ነበር። ሲሲፒ ፖሊሱን አላፈጠነም፤ ለቆፋሪው ምርጫ ሰጠው። ከቁፋሮ መንኮራኩሮቹ ፕሮኪዩረር ጠንካራ ሆነች፣ ሪትሪቨር ብዙ የምትይዝ፣ ኮቬተር ብዙ የምታወጣ። ትርፍ የፈለገ አደጋውን ይቀበላል፤ ደኅንነት የፈለገ ትርፉን ይቀንሳል። ፕሌክስም ከ2017 ጀምሮ መንኮራኩር ላይ ሳይጫን ከባለቤቱ ጋር የሚሄድ ልዩ ማስቀመጫ ተሠራለት።

ኪሳራ ተጫዋች ያሸሻል የሚለውን ግምት ኩባንያው በ2015 ፈትሾት ነበር። 80,000 ያህል አዲስ ተጫዋቾች በመጀመሪያ 15 ቀናቸው የደረሰባቸውን ሲመለከት በሕገ ወጥ ጥቃት መንኮራኩር ያጡት 1 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኑ፤ እነሱም ምንም ካልደረሰባቸው ይበልጥ በጨዋታው ቆይተዋል። ይህ መዘረፍ ያስደስታል ለማለት አይበቃም፤ ወጣ ብሎ የሚሞክር ሰው ያጋጥመዋልም፣ ይቆያልም። ጨዋታው በሚጀመርባቸው ሥርዓቶች ጀማሪን ማንገላታት ግን በኩባንያው ዘንድ ክልክል ነው፤ ደግሞም ትክክል ነው።

ሰውን በእርግጥ ያባረረው ሌላ ነገር ነበር። አንድ ኅብረት ገንዘብ ከፍሎ በደካማ ማኅበር ላይ ጦርነት ሲያውጅ ፖሊስ ገለልተኛ ይሆናል። በ2018 መረጃው ሲታይ፣ ጦርነት የታወጀባቸው ማኅበራት አባላት መግባታቸውን ይቀንሳሉ፤ ጦርነቱ ካለቀም በኋላ ወደ ቀድሞው አይመለሱም። በዓመቱ መጨረሻ ጦርነት ሊታወጅበት የሚችለው የራሱ ጣቢያ ያለው ማኅበር ብቻ ሆነ። በ2019 ደግሞ በሕግ አልባው ክልል ማን እንዳለ የሚያሳየው ዝርዝር ሲነሣ የተጫዋቹ ቁጥር ስላሽቆለቆለ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ።

እነዚህን ታሪኮች አንድ ላይ ሳያቸው ትምህርቱ ግልጽ ይሆንልኛል። ሰው ኪሳራን ይችላል፤ የማይችለው ምንም ማድረግ አለመቻልን ነው። ዩዳማ ላይ የተዘረፈ ነጋዴ ነገ ጭነቱን ይከፋፍላል፣ ከፊቱ ቃኚ ይልካል፣ ደሙን ይመልሳል። ጦርነት የታወጀበት ትንሽ ማኅበር የቀረው ምርጫ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ መቀመጥ ነበር። ኡልቲማ ኦንላይን የተባለው ሌላ ጨዋታ ለተመሳሳይ ችግር በ2000 ዓለሙን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ከጥቃት ነጻ አደረገው፤ ያም መፍትሔ ነው፣ ግን ነጋዴና ሽፍታ የሚተያዩበትን መንገድ ይዘጋል። እንዲህ ያለ ዓለም የሚሠራ ሁሉ ስለ እያንዳንዱ ሕግ ሁለት ጥያቄ ቢጠይቅ ይበቃዋል፤ አጥቂው ከመተኮሱ በፊት የሚከፍለውን ያውቃል? ተጠቂውስ ከተመታ በኋላ የሚያደርገው ነገር አለው? ለሁለቱም “አዎ” የሚል መልስ ካለ ሽፍትነቱ ይቆይ፤ ለአንዱ እንኳ ከሌለ መጠገን ያለበት ሕጉ ነው።