ትኬትሽ «ማክሰኞ 02:40» ካለ ከቤት የምትወጪው ሰኞ ማታ ነው

ከዱባይ አዲስ አበባ በአየር 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀጥታ በረራው 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ያንን መንገድ በአውቶቡስ የሄደች፣ በሰዓት ከተቆጠረ ቦሌ ለዱባይ እንደሚቀርብ ታውቃለች።

ትኬትሽ ላይ ግን 4 ሰዓት ላታዪ ትችያለሽ። ለምሳሌ መነሻ 02:40፣ መድረሻ 05:40 ይልሻል፤ 3 ሰዓት ብቻ። ስትመለሺ ደግሞ 5 ሰዓት ይመስላል። ስህተት አይደለም። ዱባይ ከአዲስ አበባ በ1 ሰዓት ትቀድማለች፤ ትኬት ላይ መነሻው በምትነሺበት አገር ሰዓት፣ መድረሻው በምትደርሺበት አገር ሰዓት ይጻፋል።

ይህ ቀላሉ ነው። በረራ የሚያመልጠው ሌላ ቦታ ላይ ነው።

ያንኑ 02:40 እንውሰድና ቀኑ ማክሰኞ ነው እንበል። 6 ስትደምሪበት በአበሻ ሰዓት ሌሊት 8:40 ነው። (14:00 ቢሆን 6 ቀንሰሽ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ 22:15 ቢሆን 18 ቀንሰሽ ማታ 4:15 ይሆናል።) ብዙዎቻችን «ማክሰኞ ሌሊት» ሲባል የምናስበው ማክሰኞ ሥራው አልቆ፣ ራት ተበልቶ የሚመጣውን ሌሊት ነው። በትኬቱ አቆጣጠር ግን ቀን የሚለወጠው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ያ አውሮፕላን የሚነሳው ሰኞ አምሽቶ ማክሰኞ ሳይነጋ ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣዋን ይዛ የመጣች፣ አውሮፕላኑ ሄዶ ውሎ አድሯል። አማርኛችን ለዚህ ቃል አለው፦ «ለማክሰኞ አጥቢያ»። ትኬቱ እንደደረሰሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊው። ለማዳምሽና ለሾፌሩ ግን «ሰኞ ማታ እንወጣለን» በያቸው።

በ2022 የወጣው የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ አሠሪ በየ2 ዓመቱ አንድ ጊዜ የደርሶ መልስ ትኬት እንዲችል ያዛል። 2 ዓመት የተጠበቀ ትኬት በአንድ ሌሊት ስህተት ሲቃጠል ያሳዝናል፤ ሁለተኛውን ማን ይከፍላል የሚለው ክርክር ደግሞ የባሰ ነው።

የኤርፖርቱንም ስም አንብቢ። አጅማን የመንገደኛ አውሮፕላን የሚነሳበት ኤርፖርት የላትም፤ ለእሷ የሚቀርበው ሻርጃ ነው፤ ኤር አረቢያም የሚነሳው ከዚያ ነው። ትኬቱ ዱባይ ካለ ተርሚናሉን እዪ። ተርሚናል 1 እና 3 በሜትሮ ይደረሳል፤ ተርሚናል 2 ግን በኤርፖርቱ ሌላ ጎን ነው፣ ሜትሮም የለውም። ከአጅማንና ከሻርጃ ወደ ዱባይ የሚወስደው የኢትሃድ መንገድ ጠዋትና ማታ ይዘጋል። ብዙ አየር መንገዶች ሻንጣ መቀበል የሚያቆሙት አውሮፕላኑ ሊነሳ 60 ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስ ይሻላል። ፓስፖርትሽን የዚያን ቀን ሳይሆን ቀደም ብለሽ በእጅሽ አድርጊ፤ ሕጉም አንቺ ጋ እንዲሆን ይላል።

ለቤተሰብ ስትደውዪ የፈረንጅ ቀን ከመቁጠር የቀኑን ስም ንገሪያቸው። ወሩና ዓመተ ምሕረቱ ይለያያል እንጂ ማክሰኞ በሁለቱም ካላንደር ማክሰኞ ነው። «ለማክሰኞ አጥቢያ 11:40 ቦሌ እደርሳለሁ» በያቸው። ኢሚግሬሽን ተሰልፈሽ፣ ሻንጣሽን ጠብቀሽ ስትወጪ ነግቷል፤ ታክሲም ያገኛሉ።