ጓዝ ከመጠቅለሉ በፊት፣ የሕይወት ኢንሹራንሱስ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድሪያ ወይም ከሲያትል ጓዙን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ለመግባት የቆረጠ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሐሳቡ ብዙ ነው። ቤቱ ይሸጥ ወይስ ይከራይ? ኮንቴይነሩ መቼ ይደርሳል? ልጆቹ የት ይማራሉ? የትውልደ ኢትዮጵያዊነት ቢጫ ካርዱስ? በዚህ ሁሉ መሐል የሕይወት ኢንሹራንስ ትዝ የሚለው ጥቂቱ ነው፤ ትዝ ያለውም «እዚያ ስደርስ አስብበታለሁ» ብሎ ያልፈዋል። እዚያ ከተደረሰ በኋላ ግን ማሰብ እንጂ ማድረግ የሚቻለው ጥቂት ነው።

የአሜሪካ መድን ድርጅቶች አዲስ ፖሊሲ የሚሸጡት በአብዛኛው እዚያው አሜሪካ ለሚኖር ሰው ነው። ከመሸጣቸው በፊት አመልካቹ ወዴት እንደሚጓዝና የት ለመኖር እንደሚያስብ ይጠይቃሉ፤ አገሮችንም በአደጋ ደረጃ ይመድባሉ። ከሚያመዛዝኗቸው ነገሮች አንዱ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ባለ 4 ደረጃ የጉዞ ማሳሰቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021፣ የሰሜኑ ጦርነት ወደ መሐል አገር በገፋበት ሰሞን፣ ኢትዮጵያ «አትጓዙ» በሚለው የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ነበር። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ሆኖ የሕይወት ኢንሹራንስ ልግዛ ያለ ሰው ምን መልስ እንደሚያገኝ መገመት አያዳግትም።

ቀድሞ የተገዛ ፖሊሲ ጉዳዩ ሌላ ነው። አረቦኑ እስከተከፈለና ማመልከቻው በእውነት እስከተሞላ ድረስ፣ ባለቤቱ ቦስተን ይሙት ባሕር ዳር፣ ውሉ በአብዛኛው እንደጸና ይቆያል። በእርግጥ አንዳንድ ውሎች ጦርነትን የመሰሉ ምክንያቶችን ከሽፋኑ ያስወጣሉ፤ ስለዚህ ከመነሳት በፊት ያንን ገጽ ፈልጎ ማንበብ ያስፈልጋል።

«በእውነት እስከተሞላ» የሚለው ቃል ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም። አንዲት ነርስ ለምሳሌ እንውሰድ። ቤቷን ለገበያ አቅርባለች፤ የመመለሻ ወሯንም ቆርጣለች። ማመልከቻው ላይ «በሚቀጥሉት 2 ዓመታት ከአሜሪካ ውጭ ለመኖር ያስባሉ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ደላላው ወይም ወዳጅ «አላስብም በይ፣ ማን ያውቃል?» ይላታል። በ14ኛው ወር አዲስ አበባ ላይ በስትሮክ ብትሞት፣ ድርጅቱ ፋይሉን ይከፍታል። አሜሪካ ውስጥ ፖሊሲ ከወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት መድን ሰጪው የማመልከቻውን እውነተኛነት መርምሮ ውሉን ሊያፈርስ የሚችልባቸው ናቸው፤ በውጭ አገር የደረሰ ሞት ደግሞ ከሌላው ይልቅ በጥንቃቄ ይመረመራል። የቤቱ ሽያጭ ቀን፣ የኮንቴይነሩ ደረሰኝ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ምዝገባ ሁሉም ይናገራል። በብዙ ግዛቶች የሞቱ ምክንያት ከተደበቀው ነገር ጋር መገናኘቱ ግድ አይደለም። ልጆቿ የሚደርሳቸው እናታቸው የከፈለችው አረቦን ብቻ ሊሆን ይችላል።

እውነቱን መናገር አረቦኑን ሊያስወድድ፣ ጨርሶም ሊያስከለክል ይችላል። ቢሆንም ክልከላውን ዛሬ፣ ሌላ መድን ሰጪ ለመጠየቅ ጊዜ እያለ መስማት ይሻላል፤ ከሐዘን ድንኳን ውስጥ ሆኖ በደብዳቤ ከመስማት እጅግ ይሻላል። ከሁሉም የሚቀናው የመመለስ ሐሳብ ገና ሳይቆረጥ፣ ዕድሜም ጤናም ሳለ የተገዛ ፖሊሲ ነው።

ብዙ ሰው «ኢንሹራንስማ መሥሪያ ቤቴ ሰጥቶኛል» ይላል። ይህ በሥራ ቦታ የሚገኝ የቡድን ሽፋን ነው፤ ከሥራው ጋር ያልቃል። መልካሙ ነገር፣ በአብዛኛው ሥራ በተለቀቀ በ31 ቀን ውስጥ ያለ ጤና ምርመራ ወደ ግል ፖሊሲ ማዛወር መቻሉ ነው። ዋጋው ይወደዳል። የስኳር ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው ግን ሌላ በር ላይኖር ስለሚችል፣ ያንን አንድ ወር በስንብት ግብዣ ማሳለፍ ትልቅ ኪሳራ ነው።

አገር ቤት መግዛትስ? ይቻላል። በ1967 ዓ.ም. የግል መድን ድርጅቶች ከተወረሱ በኋላ ለዓመታት የመንግሥት ብቻ የነበረው ገበያ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ለግል ባለሀብቶች ዳግም ተከፍቷል፤ የሕይወት ኢንሹራንስ የሚሸጡ ድርጅቶችም አሉ። ሆኖም ውሉ በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አዲስ አበባ ለሚያድጉ ልጆች የብር ፖሊሲ ትርጉም አለው። የኮሌጅ ዕዳ ያለበት ልጅ ሜሪላንድ ለቀረው አባት ግን አይበቃም።

ከሄዱ በኋላ ፖሊሲን የሚገድለው ብዙውን ጊዜ ቸልታ ነው። አረቦን ሳይከፈል ሲቀር የሚሰጠው የእፎይታ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 30 ወይም 31 ቀን ነው። ማስጠንቀቂያው ደግሞ የሚላከው ወደ ቀድሞው አድራሻ ነው፤ አሁን ሌላ ሰው ወደሚኖርበት ቤት። የወደቀ ፖሊሲ ለማስነሳት የጤና ማስረጃ ይጠየቃል፣ የመኖሪያ ቦታም ጥያቄ ያስነሳል። ስለዚህ በዓመት አንዴ የሚከፈል አረቦን፣ ያልተዘጋ የአሜሪካ ባንክ ሒሳብ፣ ማስጠንቀቂያውም በግልባጭ የሚደርሰው እዚያ የሚኖር ታማኝ ዘመድ ያስፈልጋሉ።

የተጠቃሚው ስምም አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚረሳ አይደለም። በዋሽንግተን ግዛት የቦይንግ ሠራተኛ የነበረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1994 ከሚስቱ ተፋቶ 2 ወር ካለፈ ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ በመሥሪያ ቤቱ ፖሊሲ ላይ ግን ስሟን አልቀየረም ነበር። የግዛቱ ሕግ የቀድሞ ሚስትን ቢሰርዝም፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ከግዛቱ ሕግ ይልቅ የፌዴራሉ ሕግ እንደሚበልጥ ወስኖ 46,000 ዶላሩ ለእሷ ሆነ። ልጆቹ አላገኙትም። በእኛ ዘንድ ሌላም ጣጣ አለ፤ አንዱ ስም በፓስፖርቱ፣ በቀበሌ መታወቂያውና በፖሊሲው ላይ በላቲን ፊደል በተለያየ አጻጻፍ ይገኛል። ሚስትም የባሏን ስም ስለማትይዝ ዝምድናው በስም አይታይም። የጋብቻና የልደት ማስረጃው አብሮ መቀመጥ ይኖርበታል። አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ ገንዘቡ በቀጥታ ስለማይከፈል ሞግዚት ወይም ባለአደራ በስም ይጠቀስ።

ሞቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሆን ቤተሰቡ በ30 ቀን ውስጥ በወረዳው ማስመዝገብና የምስክር ወረቀት ማውጣት፣ ከዚያም በእንግሊዝኛ አስተርጉሞ ማረጋገጥ አለበት። ሟቹ የአሜሪካ ዜጋ ከነበረ ኤምባሲው በውጭ አገር የሞተ ዜጋ የሞት ሪፖርት ያዘጋጃል፤ መድን ሰጪዎችም ይህንን ይጠይቃሉ። ግሪን ካርድ ብቻ የነበረው ሰው ይህን ሰነድ አያገኝም፤ ስለዚህ የአገር ቤቱ ማስረጃ ሙሉ መሆን አለበት።

ሁሉም ተመላሽ ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም። ልጆቻቸውን አሳድገው፣ ዕዳቸውን ጨርሰው፣ የጡረታ ገንዘባቸውን ይዘው የሚገቡ ባልና ሚስት የሰፈሩ ዕድር ይበቃቸው ይሆናል። ዕድር ቀብሩንና ሐዘኑን ይሸፍናል፤ ከ40 ቀን በኋላ የሚመጣውን የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ግን አይሸፍንም። ትንንሽ ልጆች ያሉት ሰው ማስላት ያለበት ያንን ነው። ስሌቱን ሲጨርስ የመድን ሰጪውን ስምና የፖሊሲ ቁጥሩን ለትዳር አጋሩ ይስጥ። ወረቀቱ ከጠፋ የአሜሪካ ግዛቶች የመድን ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጠው የፖሊሲ ማፈላለጊያ አለ፤ አዲስ አበባ ያለ ቤተሰብም የሟቹን ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይዞ ሊያመለክት ይችላል።